በእድፍ የተነበበ ፊደል

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር አልገዛሁትም። ሽፋኑ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለሆነ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ስድስት ወር የሚያነሳው ሰው አጥቶ ነበር። «ውሰጂው፤ አንቺና እሱ ትግባባላችሁ» አለችኝ አክስቴ። መቀለዷ ነው። አክስቴ በቀን ሦስት ጊዜ ትቀልዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ የምትስቀው ራሷ ናት።

ሱቁ ፎቶኮፒ ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ሁለት ዓመት ማሽኑ ጀርባ ቆሜያለሁ። ማሽን ጥሩ ነው፤ ጮክ ብለሽ ተናገሪ አይልም። ደንበኛ ግን ይላል። «ስንት ቅጂ?» ብዬ ስጠይቅ «ምን?» ይላሉ። ስደግመው ወደ አክስቴ ዞረው «ምን አለች?» ይሏታል፣ አስተርጓሚዬ የሆነች ይመስል።

ሰኔ 4፣ ሐሙስ

ዓሣው መጣ። ዓሣው የእህቴ የጃፓንኛ አስተማሪ ነው። ጃፓን አገር ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ ስለተመለሰ ሰፈሩ በሙሉ ዓሣው ይለዋል፤ እሱ «መምህር» መባል ይወዳል። ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ዘጠኝ ሴቶች ያስተምራል። ነሐሴ ላይ ፈታኝ ከውጭ ትመጣለች፤ ከዘጠኙ ሁለቱን መርጣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት እንዲሠሩ ወደ ጃፓን ትልካቸዋለች። ከዘጠኙ አንዷ እህቴ ናት። እማዬ እንደምታወራው ከሆነማ ተመርጣ አልቃለች።

ዓሣው በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ያመጣል። አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ፊደሉ የሚገባባቸው የተለመዱ ቃላት፣ ከነሱ ሥር ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች። «ሰው በዘመዱ ፊደል በቃሉ ይታወቃል» አላት አክስቴን። አክስቴ ከዘመድ ጋር ከተኳረፈች አራት ዓመቷ ነው። «እውነት ነው መምህር» አለች።

የዛሬው ፊደል ይህ ነው፦ 手። አራት ጭረት። «ቴ» ይባላል፣ እጅ ማለት ነው። እጅ አይመስልም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የቴሌቪዥን አንቴና ነው የሚመስለው።

ማሽኑ የመጀመሪያውን ቅጂ አጣሞ አወጣው። የተጣመመ ለደንበኛ አይሰጥም። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወረቀት ማባከን አልወድም።

ሰኔ 7፣ እሑድ

የኛ ቤት በሹክሹክታ የሚኖር ቤት ነው። አባዬ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። ለኔ ሹክሹክታው ተስማምቶኛል። እህቴ ግን በሹክሹክታም መጮህ ትችላለች።

ዛሬ ከወፍራም ወረቀት ካርዶች ቆረጠች። በፊቱ የጃፓኑ ቃል ይጻፋል፣ በጀርባው ትርጉሙ። «ያንቺ እጅ ጽሑፍ ያምራል፣ ዲዳዬ» አለችና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ሃያ ሁለት ካርድ ጻፍኩ። እሷ ብርቱካን ልጣ በላች፤ ልጣጩን ካርዶቹ ላይ ደረደረችው። ሃያ ዓመቷ ነው። ቆንጆ ናት፤ ቆንጆ መሆኗን የማያውቅ ሰው ካለ ራሷ ትነግረዋለች።

ጃፓኖቹ ጉደኞች ናቸው። እጅና ወረቀት አንድ ላይ ሲጻፉ ደብዳቤ ነው። እሺ፣ ይሁን። እጅና ከረጢት ጓንት ነው። እሱም ይሁን። መቁረጥና እጅ ቴምብር ነው፤ ለምን እንደሆነ ዓሣውም አያውቅም። ዘፈንና እጅ ዘፋኝ ነው። በእጁ ነው የሚዘፍነው? ላይና እጅ ጎበዝ፣ ታችና እጅ ደካማ። «አኔ ዋ ኡታ ጋ ጆዙ ዴስ።» እህቴ ዘፈን ላይ ጎበዝ ናት። የእነሱ እህት ይሆናል።

መራራና እጅ ደግሞ ለሰው የማይሆንለት ነገር ነው፤ «ኒጋቴ»። ምሳሌው እንዲህ ይላል፦ «ዋታሺ ዋ ሀናሱ ኖ ጋ ኒጋቴ ዴስ።» መናገር አይሆንልኝም።

ይህንን ካርድ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ቀለም ፈሶበት ነው።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

«አንቺ ሥራ የለሽ፣ ጠይቂያት» አለችኝ እማዬ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ መግባቴ ሥራ አይደለም።

ካርድ አነሳለሁ፣ እህቴ ትመልሳለች። ደብዳቤ፣ ጓንት፣ ዘፋኝ፣ ቴምብር። አንዱንም አልሳተችም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ሰማች። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ድምጿ ተሰማኝ፦ «ልጄ ጃፓንኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው።» ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የሥጋ ሻጩ ሚስት «የኛዋም እንደዚያው ናት» አለቻት። የእሷም ልጅ ከዘጠኙ አንዷ ናት። ሁለቱን እናቶች ለሰማ ፈታኟ መምጣትም አያስፈልጋት።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ዛሬ ያየሁትን ለማንም አልናገርም።

ካርዶቹን ስበውዝ አንዱ ተገልብጦ መጣ፤ ፊደሎቹ በጭንቅላታቸው ቆመዋል። ሳላዞረው እህቴ «ዘፋኝ» አለች። ልክ ነው። ግን ተገልብጦ? ካርዱን አየሁት። ጥጉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት። ሌላ አነሳሁና ፊደሎቹን በመዳፌ ሸፍኜ ጠርዙን ብቻ አሳየኋት። የቲማቲም ጠብታ። «ቴምብር» አለች። የታጠፈ ጥግ። «ጓንት።» የብርቱካን ልጣጭ ቢጫ። «ደብዳቤ።» እያዛጋች ነበር የምትመልሰው።

እህቴ ጃፓንኛ አይደለም የምታነበው። እድፍ ነው የምታነበው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የገዛ ምሳዋን ስታነብ ከርማለች፤ እናቴ ደግሞ ደረጃ ለደረጃ ታስመርቃታለች።

ሳቄን ዋጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን ያየሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 22፣ ሰኞ

አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም።

ሰኔ 23፣ ማክሰኞ

አልነገርኳትም። ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር። አንድ ጠበቃ መቶ ሃያ ገጽ አስቀድቶ መቶ አሥራ ዘጠነኛው ፈዟል ብሎ አፈጠጠብኝ።

ሰኔ 30፣ ማክሰኞ

ሰገነት ላይ ልብስ ስናሰጣ እህቴ «ከዚህ እስከ ጃፓን ስንት ሰዓት ነው የሚበረረው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ቀጥላ «አንዱ ሽማግሌ ሌሊት ቢሞት ማን ነው የሚያገኘው? ተረኛዋ ናት?» አለች።

«አስተማሪሽን ጠይቂ» አልኳት።

ፊደል ለማጥናት ጊዜ የላትም፣ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አላት። አንዱን አንሶላ ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለት ጊዜ አሰጣችው። ፈዛዛ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ስድስተኛው ፊደል መጣ። የተበላሹት ቅጂዎች የጫማ ሳጥን ውስጥ ተጠራቅመዋል። ማሽኑ በሳምንት አንድ ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ያጣምማል። አክስቴ እስካሁን አልገባትም።

ደንበኛ ሲጠፋ እነሱን አያለሁ። ጽሑፍ አይጠብቀኝም፣ አይቸኩልም። ትምህርት ቤት ያቆምኩት ድኻ ሆነን ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እሱ ይሻላል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ አስተማሪያችን ተነሽና አንብቢ ትለኝ ነበር፤ እኔ እነሳለሁ። የምታነቢው መጽሐፍ ነው እንጂ ፍርድሽ አይደለም ትላለች፣ ክፍሉ ይስቃል። ደወል እስኪደወል እቆማለሁ። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ከቆምኩ በኋላ አራተኛውን ቤቴ ተቀመጥኩ።

አክስቴ ለአንድ ደንበኛ «ይህቺ ልጅ አፍ ቢኖራት ሱቁን ከኔ ትገዛው ነበር» ስትል ሰማሁ። ጆሮ እንዳለኝ የሚያስታውስ የለም።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

እማዬ እህቴ ስትሄድ የሚሆነውን ሁሉ ስታቅድ ዋለች። ሻንጣው ከማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሸኛት። ወደኔ ዞራ «አንቺም ሙሉ ክፍል ለብቻሽ አገኘሽ» አለችኝ።

ደስ ይለኛል። በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ክፍላችን በእርምጃዬ ስድስት በአራት ነው። ሁለት ጊዜ ለካሁት።

የካርዶቹን ነገር ዛሬ ልነግራት አስቤ ነበር። ደከመኝ።

ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

የሥጋ ሻጩ ልጅ ሱቅ መጥታ መታወቂያዋን አስቀዳች። ለአክስቴ እያወራች ነው፤ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። «ያቺ ቆንጂት ሰሌዳ ላይ በተጠራች ቁጥር ሽንት ቤት ትሄዳለች። መምህር እንኳ እያወቀ ይስቃል። ደረጃው ላይ የሚወራላት ሌላ፣ እሷ ሌላ።»

አክስቴ ሳቀች። እኔ መታወቂያዋን በጥቁር ሞልቼ ቀዳሁላት። ፊቷ ከሰል ሆኖ ወጣ። «ማሽኑ ነው» አልኳት።

እህቴን መናቅ የኔ ሥራ ነው። ከሥጋ ቤት የሚመጣ እርዳታ አልጠየቅኩም።

ስንት ቀን ዝም አልኩ? ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ አየኋት። ቆጥሬ ሳበቃ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰነፍ መሆኗ የእሷ ነው፤ ዝም ማለቴ ግን የማን ነው?

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

መቶ አራት ካርድ። ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ አንድ መጠን፣ አንድ ቀለም። አክስቴ ምሳ ስትሄድ በፕላስቲክ ለብጬ ላሚኔት አደረግኳቸው። ሻይም ቢፈስባቸው በጨርቅ ይጠረጋሉ። አንዱን ከአንዱ የሚለየው የተጻፈበት ቃል ብቻ ነው።

እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ ለደንበኛ ሠርቼ አላውቅም።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

በችኮላ ነው የምጽፈው። እማዬ ውጭ ሆና ትጠራኛለች።

ካርዶቹን ሰጠኋት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አንዱን አየች፣ አገላበጠችው፣ ሌላውን አየች። «ማን ጠየቀሽ?» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ሹክሹክታ ነው፣ ግን ይቆርጣል። «አሮጌዎቹስ የት ናቸው?»

ጣልኳቸው አልኩ።

ጮኸች። አባዬ ነቃ፣ እማዬ ሮጣ መጣች። እህቴም «አሳስታ ጽፋብኛለች! ሆን ብላ ነው!» አለች።

እማዬ እኔን አየችኝ። «እህትሽ እንድትወድቅ ነው?»

አይደለም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

እማዬ ሁለታችንንም ይዛ ከዳቦ ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል ወጣች። ስምንቱ ሴቶች ተቀምጠዋል። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። «መምህር፣ ይህችኛዋ ናት የጻፈችው። ስህተቱን ያሳዩኝ።»

ዓሣው መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበ። መቶ አራቱንም። ክፍሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ሲጨርስ «እናቴ፣ ከኔ ጽሑፍ ይሻላል» አላት። ከዚያ አንዱን አንስቶ ለእህቴ አሳያት። ለፈተና አይመስለኝም፣ አስተማሪ ስለሆነ ነው፤ ካርድ ከያዘ ሳይጠይቅ አያስቀምጥም።

እህቴ አየችው። ዝም አለች። ሌላ አሳያት። ዝም። የሥጋ ሻጩ ልጅ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እየሳቀች ነው።

«አንቺስ?» አለኝ ዓሣው፣ ካርዱን ወደኔ አዙሮ። «ኒጋቴ» ነበር። እንዲያውም ዓረፍተ ነገሩን ከነምሳሌው አውቀዋለሁ። ሁሉም አዩኝ። ጫማዬን አየሁ። እህቴን ሊያተርፋት የሚችል ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን ራሴንም አላተረፍኩም።

«ያው ናቸው» አለ ዓሣው።

እማዬ ደረጃውን ቀድማን ወረደች። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፈረደች። «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ የምታቃኚውም አንቺ ነሽ። እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ ታስጠኛታለሽ። እኔም እቀመጣለሁ።»

ሐምሌ 30፣ ሐሙስ

በካርድ አላስጠናትም። በየቀኑ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ እንደ አዲስ እጽፋለሁ፣ ሲያልቅ እቀደዋለሁ። እድፍ እስኪያርፍበት ጊዜ የለውም።

መጀመሪያ ፊደሉ ብቻውን ነው፦ እጅ። ቀጥሎ ቃሉ። ቀጥሎ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ አቆመዋለሁ። እጇን ስትታጠብ «ቴ ኦ አራቴ ኩዳሳይ» እላታለሁ፣ ይታጠቡ ማለት ነው፤ ደግማ ካላለችው ፎጣ አልሰጣትም። ጓንት ባይኖረን ካልሲ እጇ ላይ አጥልቄ «ቴቡኩሮ» አስብላታለሁ። እማዬ ጥግ ላይ ካኔተራ እየጠቀመች ታየናለች። አንዳንዴ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

እህቴ ትኮርፋለች፣ ግን ትይዛለች። ዘገምተኛ ናት ብዬ ነበር። አይደለችም። ሰው ዓይኑን እንዲከፍት ካስገደዱት ያያል። ሰባት ሳምንት ዓይኗን መጨፈኗ ነው የሚገርመኝ።

ከኔ አፍ በቀን ይህን ያህል ቃል ወጥቶ አያውቅም። በሹክሹክታ ነው፣ በሰው አገር ቋንቋ ነው። ያም ሆኖ።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ አዲስ ዓረፍተ ነገር፣ ከዓሣው ወረቀት ውጭ፣ ራሴ ገጣጥሜ ጻፍኩላት። አይታው የማታውቀው ነው። ሳትደናቀፍ አነበበችው። እማዬ መርፌዋን አስቀመጠች።

እህቴ ግን አለቀሰች። ስንፍና ሲወጣ እንዲህ ሳያም አይቀርም። «ጎበዝ» አልኳት። «ዝም በይ» አለችኝ። በዕድሜዬ ዝም በይ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

ፈተናው ዛሬ ነበር። አንድ በአንድ ነው የገቡት። ፈታኟ ጸጉሯ የነጣ ትንሽ ሴት ናት አሉ። እህቴ ስትወጣ ፊቷ ወረቀት መስሏል። «እንዴት ነበር?» ስላት በአጠገቤ አለፈች።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

አልፋለች። ከሁለቱ አንዷ ናት። የሥጋ ሻጩ ልጅ ሦስተኛ ወጥታ ተጠባባቂ ሆነች።

እማዬ ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፣ ምንም ሳትይዝ። አባዬ እንቅልፉን ትቶ ተቀመጠ፤ በቀን ሲስቅ ሳየው ዓመት ሆኖኛል። ሐሙስ ውል ትፈርማለች፣ በሃያ ቀን ውስጥ ትሄዳለች።

እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ። «አንቺ ነሽ ያሳለፍሻት» አለችኝ።

እኔ ነኝ። ክፍላችንም ስድስት በአራት ነው።

ነሐሴ 18፣ ሰኞ

አክስቴ ባንክ ሄዳለች። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል። እህቴ መጣች፣ ወረቀት የምንከምርበት ላይ ተቀመጠች። እዚህ ሱቅ መጥታ አታውቅም።

«ልብሴ በሙሉ ታጥቧል» አለች። «እማዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሻንጣ ልትቆልፍ ነው።»

የማሽኑን መክደኛ መወልወል ጀመርኩ።

«መውደቅ ነበር የፈለግኩት» አለች።

አልገባኝም። እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

«ካርዶቹን በእድፋቸው እንደምለያቸው አንቺ ከማወቅሽ በፊት ነው ያወቅኩት። ተስማማኝ። ቤት ውስጥ አጠናች ትላላችሁ። ፈተና ላይ እወድቃለሁ። ሞከረች፣ አልሆነላትም ትላላችሁ። ማንም አይቀየመኝም፣ እዚሁ እቀራለሁ። አንቺ መጣሽና በፕላስቲክ ለበጥሽልኝ።»

«ፈተናው ላይ አላውቅም ማለት ነበራ» አልኳት።

«ልል ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቱን ያዘችልኝ። ‹ቴ ኦ ካሺቴ ኩዳሳይ› ይላል፤ እጅዎን ያበድሩኝ፣ እርዱኝ ማለት ነው። አላውቀውም ልል አፌን ስከፍት አነበብኩት። አንዴ ያወቁትን አላውቅም ማለት እንዴት እንደሚቻል አላስተማርሽኝም።»

ሳቀች፣ ግን ሳቅ አልነበረም። ሰው ሲሞት ብቻዬን አገኘዋለሁ ብላ እንደምትፈራ፣ ያን ያህል ሰዓት ባሕር ላይ መብረሩን ማሰብ እንኳ እንደማትችል፣ ከሁሉ በላይ ግን እማዬን እንደምትፈራ ነገረችኝ። ሰገነቱ ላይ ስትጠይቀኝ አስተማሪሽን ጠይቂ ያልኳት እኔ ነኝ።

«ለእማዬ ንገሪያት።»

«አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ?»

«አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ ቤቱ ተቃጥሏል ብላ ታምናለች። እኔን ግን ‹ሰነፍ› ብላ ታልፈኛለች።»

መብራት መጣ፣ ማሽኑ ጮኸ። ሄደች።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ሁለት ወር ሙሉ ደደብ ስላት የነበረችው እህቴ ሁሉን አስባ ጨርሳ ነበር። አንድም ነገር ያላየሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ከፍቼ።

ነሐሴ 19፣ ማክሰኞ

አልተናገርኩም። ሦስት ጊዜ ወጥ ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ ውሃ ጠጣሁ።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ

ነገ ትፈርማለች። በአፌ አልሆን ሲለኝ ጻፍኩት። «እማዬ፣ እትዬ መሄድ አትፈልግም። ልትወድቅ ነበር ያሰበችው። እንድታልፍ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ከመፈረሟ በፊት ጠይቂያት።» በቃ።

ለእማዬ ዘረጋሁላት። የእህቴን ሹራብ እያጠበች ነው፣ እስከ ክርኗ አረፋ። «እጄ እርጥብ ነው። አንቺ፣ ነይ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለች። ያለችው ለእህቴ ነው፤ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

እህቴ ወረቀቱን ተቀበለች። አየችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አነበበች፦ «‹እማዬ፣ እትዬ በመሄዷ ደስ ብሎኛል። አንቺም ብቻዬን ቀረሁ ብለሽ አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ።›»

አንዲትም ቦታ አልተደናቀፈችም። እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርኳት። እማዬ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በትከሻዋ ልትጠርገው ሞከረች። እህቴ ወረቀቱን በአራት አጠፈችው። ንገሪልኝ ያለችኝ ራሷ ናት፤ አሁን ግን የመፍራት ተራው የእሷ ሆኖ ነበር።

«እንደዚያ አይልም» አልኩ።

እማዬ ቀና አለች። አልሰማችኝም። ደግሜ አልኩት፣ በሹክሹክታ አይደለም። «እማዬ፣ እንደዚያ አይልም። መሄድ አትፈልግም ነው የሚለው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የሚለውን አውቀዋለሁ።»

አባዬ ከመኝታ ቤት «ማነው?» አለ። ድምፄን አላወቀውም።

እማዬ ሹራቡን ውሃው ውስጥ ለቀቀችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ለወረቀቱ ዘረጋችው። እህቴ ሰጠቻት።

ነሐሴ 24፣ እሑድ

አልፈረመችም።

እማዬ እስከ ትናንት አላናገረችንም። ትናንት አፏን ስትፈታ ለአባዬ ነው የነገረችው። «አንዷ አትናገርም፣ አንዷ እውነቱን አትናገርም። ምን ዓይነት ልጆች ነው የወለድኩት?» አባዬ «አንዷ እንኳ ተናግራለች፣ ተይ» አላት። ደረጃው ላይ አትወጣም፤ ጎረቤት ሲመጣ ታማለች በሉልኝ ትላለች። ቦታውን ለሥጋ ሻጩ ልጅ ሰጧት። እናቷ እስካሁን ሦስት ጊዜ በራችን ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አልፋለች። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ መሆኔን እማዬ አልረሳችም፤ ሻይ ስትቀዳ ለኔ በመጨረሻ ነው።

እህቴ ሥራ ልፈልግ ነው ትላለች። እስካሁን የፈለገችው ቁርስ ብቻ ነው። አልጋው ላይ ተዘርራ ሦስት አራተኛውን ይዛዋለች፣ ብርድ ልብሱንም ጠቅልላዋለች፤ እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ነው ያደርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ስታንኮራፋ አነጋች።

ምነው በሄደች ኖሮ።